ገርበብ

የሰውን ስም ማበላሸት ጊዜ አይፈጅም። እኔ የተክለሚካኤልን ስም ያበላሸሁት አንድ ዶናት በልቼ እስክጨርስ ነው። ለማስተካከል ግን አንድ ሰመር ፈጀብኝ፤ ተስተካክሏል ብዬም አልምልም።

ተክለሚካኤል እኛ ቤት ተከራይ ነበር። ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ውስጥ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ሁለት መንገድ ገባ ብላ የምትገኝ አሮጌ ቤት ነበረችን፤ ሁለት መኝታ ቤት ናት። አንዱን እኔና ባለቤቴ ፀዳል ይዘን ሌላውን ለሱ ሰጠነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። አዲሱ ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋል። አሮጊት ተረክቦ ከበር ወደ በር፣ ከበር ወደ በር፤ በቀን አስር ማይል ይራመዳል ቢባል ውሸት የለውም። ጋሼ ሳይለኝ ውሃ እንኳ አይጠይቀኝም። አሁን ሳስበው፣ ያስደፈረኝ ይኸው ትህትናው ነው።

እኔ በድሉ ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ነኝ። እጄ ግን የተማረ ነው። ጎማ ቤት እሠራለሁ፤ ከጎማ ሌላ ደግሞ የሰው ቧንቧ፣ የሰው ማጠቢያ ማሽን፣ የሰው በር ስጠግን ነው የኖርኩት። የማላውቀው አንድ ነገር ቢኖር መጠየቅ ነው። መጠየቅ ያስጠላኝ ደግሞ በምክንያት ነው።

ተስፋዬ የሚባል የፀዳል የአክስት ልጅ አለ። ኢንጂነር ነው፤ ሰው ሁሉ ኢንጂነር እያለ ነው የሚጠራው። እዚህ አገር በመጣሁ በዓመቱ፣ በፈረንጅ ሰማንያ ዘጠኝ መሆኑ ነው፣ ልጁን ክርስትና አስነሳና ጠራን። ከጎማ ቤት በቀጥታ ሄድኩ። እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ ነበር። ሚስቱ ቀጸላ ሶፋው ላይ ተቀመጥ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ጓዳ ገብታ ጋዜጣ ይዛ መጣች። ሶፋው ላይ ዘረጋችው፣ ጫፍና ጫፉን በመዳፏ ደለደለችና፣ «በል ተቀመጥ፣ በድሉ» አለችኝ። ቤቱ ውስጥ ሃያ ሰው አለ። ተቀመጥኩ። በተነቃነቅኩ ቁጥር ጋዜጣው ከስሬ ይንኮሻኮሻል። ኢንጂነሩ ቀና ብሎ አየኝና፣ «በድሉም ጋዜጣ ጀመረ» አለ። ሰው ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱን አልረገጥኩም። ሰርግ ሲሆን ፀዳል ብቻዋን ትሄዳለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ያ ኮሽኮሽታ ከጆሮዬ አልወጣም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በዘጠና ስድስት ሰመር ሙቀቱ መቀመጫ አሳጣን። ዴንቨር ደረቅ አገር ነው፤ ከንፈር ይሰነጥቃል። ኤርኮንዲሽን ያልታደለ ሰው ስዋምፕ ኩለር ይገጥማል። ስዋምፕ ረግረግ ማለት ነው አሉ፤ ስሙ ራሱ ይናገር ነበር፣ የሚሰማው አጣ እንጂ። ነገሩ መስኮት ላይ የሚሰቀል ትልቅ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ግድግዳዎቹ ውስጥ ጭድ የመሰለ የእንጨት ፍቅፋቂ ታጭቋል። ትንሽ ፓምፕ ከታች ካለው ገንዳ ውሃ እየሳበ ጭዱ ላይ ያንጠባጥባል፤ ፋኑ የውጭውን ደረቅ አየር በርጥቡ ጭድ ውስጥ አሳልፎ ወደ ቤት ይነፋል። ከሞቀ የገባው ቀዝቅዞ ይወጣል፤ ውሃ ውሃ የሚል ንፋስ።

እኔ ያርድ ሴል ላይ፣ አሮጌ ዕቃውን ግቢው ውስጥ ዘርግቶ ከሚሸጥ ካንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ገዛሁ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ሰው ነው። ፒካፑ ላይ አጋዘኝና የቆርቆሮውን ራስ መታ መታ እያደረገ፣ «ክራክ ዘ ዊንዶው» አለኝ። መኪናዬን ሳስነሳም በመስኮት ጎንበስ ብሎ ደገመልኝ። «ዶንት ፎርጌት። ክራክ ዘ ዊንዶው።»

«የስ፣ የስ» አልኩት።

ክራክ ምን እንደሆነ እኔን ማስተማር አይቻልም። በቀን ሃያ ጊዜ የምለው ቃል ነው። ጎማው ክራክ አለው፣ ቸርኬው ክራክ አለው እንላለን። ክራክ ማለት ስንጥቅ ነው፤ ስንጥቅ ደግሞ እኛ ሙያ ውስጥ የሚደፈን ነገር ነው። ሽማግሌው የመስኮትህን ክራክ አትርሳ፣ ቅዝቃዜው እንዳያመልጥህ ማለቱ ነው ብዬ ተረዳሁ። ምክሩንም ወደድኩለት። ኩለሩን ሳሎን መስኮት ላይ ከገጠምኩ በኋላ ሰፊውን ግራጫ ፕላስተር ይዤ የቤቱን መስኮት አንድ በአንድ ዞርኩ። የቀረኝ ቀዳዳ የለም። ከበሩ ስር ሳይቀር ጨርቅ ወተፍኩ።

ፀዳል ደስ አላት። እሷ ንፋስ ትፈራለች። ላብ ላይ ንፋስ ከመታ ምች ነው፣ አንገት ያጣምማል፣ ሳንባ ይገባል ባይ ናት። ዳውንታውን ሆቴል ውስጥ ክፍል ስታጸዳ ትውልና በዚያ ሙቀት እንኳ አንገቷን ጠቅልላ ነው የምትመጣው። ታዲያ ቤቱ ቀዘቀዘ። የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ባለ ሥልጣን ነው የተቀመጥኩት።

በሦስተኛው ሳምንት ነው መሰለኝ፣ ተክለሚካኤል የመስኮቱን ፕላስተር በጣቱ እየነካካ፣ «ጋሼ፣ ይቺን መስኮት ትንሽ ብንከፍታትስ? አልጋ ልብሱ እርጥብ እርጥብ ይለኛል» አለ።

«የራስህን ቤት ስትገዛ ትከፍታለህ» አልኩት።

ሳቀ። የቀለድኩ መስሎት ነው። እኔ ግን የመጣልኝ ሌላ ነበር። አስራ ሁለተኛን ጨርሶ የመጣ ልጅ መሆኑ ነው የታየኝ።

ሽታው ጁላይ ላይ መጣ። እንዴት ያለ ሽታ እንደሆነ ልናገር፤ እርጥብ ካልሲ ጫማ ውስጥ ተረስቶ ከርሞ ሲወጣ የሚሸተው ነው። ሌላ ምሳሌ የለውም። ጠዋት ደህና ነው። ማታ ደህና ነው። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ተኩል ላይ እኔ ከሥራ ስገባና ኩለሩን ሳስነሳ ቤቱን ይሞላዋል። ያቺ ሰዓት ደግሞ ተክለሚካኤል ከኤርፖርት ገብቶ ጫማውን የሚያወልቅባት ሰዓት ናት። እንግዲህ ሰው ማን ነው የሚለው? እኔስ ማን አልኩ?

እራት ላይ፣ ጉርሻ በእጁ እንደያዘ፣ «ተክሌ፣ ካልሲህን የት ነው የምታኖረው?» አልኩት።

ገባው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ጉርሻውን መሶቡ ዳር አስቀመጠውና፣ «ይቅርታ ጋሼ፤ ብዙ ስለምራመድ ነው» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማውን በረንዳ ላይ አውልቆ ይገባ ጀመር። ቀጥታ መታጠቢያ ቤት ነው የሚሄደው። ውሃው ሲወርድ ይሰማኛል፤ ከዚያ ፓውደር ሲረጭ። ባዶ እግሩን፣ እግሩ ነጭ ሆኖ፣ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ ክፍሉ ይገባና ይዘጋል። ሽታው ግን አልለቀቀም። ባሰ እንጂ። ፀዳል፣ «ተወው፣ የደከመ ልጅ ነው» ስትለኝ፣ «እኔስ አልደክምም?» እላት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ታክሲ ነጂዎቹ ኮልፋክስ ላይ ያለ ዶናት ቤት ይሰበሰባሉ። እኔም እሄዳለሁ። አንዱ፣ «ያ ኤርፖርት የሚሠራው ልጅ አሁንም አንተ ጋ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አለ» አልኩ። «እናንተ ዊልቸሩ ላይ የሚቀመጡት አሮጊቶች መራመድ ያቃታቸው ይመስላችኋል። የሱ ካልሲ ነው እኮ ራሳቸውን የሚያስታቸው።»

ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። ሰው በእኔ ሲስቅ እንጂ በቀልዴ ሲስቅ አላውቅም ነበር። ጣፈጠኝ። ስለዚህ ጨመርኩበት። «ተክለሚካኤል የሚሉት ለክርስትና ነው፤ የቤት ስሙ ተክለ ካልሲ ነው» አልኩ።

አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም፤ አቶ ጥሩሰው፣ ከመካከላችን ትልቁ። «መልአኩን አንስተህ ካልሲ ተካህበት?» አሉኝና ቡናቸውን ይዘው ተነሱ።

ስም ታክሲ ላይ ከተሳፈረ ማን ያቆመዋል። በሳምንቱ ኤርፖርት ደረሰ፤ የታክሲው ሰልፍ ከዊልቸሮቹ በር ፊት ለፊት ነው። ተክለሚካኤል ራሱ መስማቱን ያወቅኩት ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሻንጣውን በረንዳው ላይ አቁሞ ሳገኘው ነው።

«ጋሼ፣ ለሥራ የሚቀርብ ቤት አግኝቻለሁ። ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ» አለኝ። ዓይኔን አላየም። ክፍሉን ገብቼ ሳይ ወለሉን በበረኪና አጥቦታል። ግድግዳውንም፣ እጁ እስከሚደርስበት። የማጠቢያ ጨርቁን ጨምቆ መስኮቱ ላይ አስጥቶታል።

ኦገስት መጀመሪያ ላይ ስልክ ጮኸ። አነሳሁ። ኢንጂነር ተስፋዬ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ሲደውል «ፀዳልን አቅርብልኝ» ከማለት በቀር ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን፣ «አንተን ፈልጌ ነው፣ በድሉ» አለኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ለጤናዬ ሽማግሌ ተልኮብናል» አለ። ጤናዬ ታናሽ እህቱ ናት፤ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው። «ልጁ አንተ ቤት የነበረው ነው አሉኝ። ለሽማግሌዎቹ ከፍልሰታ በኋላ ተመለሱ ብያቸዋለሁ። እስከዚያ ማጣራት አለብኝ። አብሮት የኖረ ሰው ነው የሚያውቀው።»

«ፀባዩ ጥሩ ነው» አልኩ።

«ፀባዩንማ ሁሉም ይመሰክራል። አንድ የሚወራ ነገር አለ፤ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅም ያሳፍራል። ግን እህቴ ናት። ልጁ ሕመም አለበት? ወይስ ንጽሕና አይጠብቅም? ካልሲ ምናምን የሚሉት ነገር ምንድን ነው?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ማለት እችል ነበር። ቀልድ ነው ብል ያበቃል። ግን ኢንጂነሩ ስልኩ ውስጥ ትንፋሹን ይዞ እየጠበቀኝ ነው። እኔን። ያ ጋዜጣ የተነጠፈለትን ሰውዬ።

«እንግዲህ ኢንጂነር» አልኩት ቀስ ብዬ፣ «ከቤቴ ያስወጣሁት በከንቱ አይደለም።»

አመሰገነኝና ዘጋ። አላስወጣሁትም ነበር፤ አጥቦ ነው የወጣው። ለፀዳል ማን ደወለ ስትለኝ፣ ቁጥር ተሳስተው ነው አልኳት።

ከአራት ቀን በኋላ ፀዳል ከሥራ ገብታ በሩ ላይ ቆመች። አነፈነፈች።

«ልጁ ከሄደ ሦስት ሳምንት ሆነው አይደል?» አለች።

«እና?»

«ካልሲው ብቻውን ተመልሶ መጣ እንዴ?»

ኩለሩን አሁን ማስነሳቴ ነው። እሷ ሽታውን ተከትላ መኝታ ቤት ገባች፤ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ሰማሁ። «ና እስቲ» አለችኝ።

የበዓል ሱፌ ትከሻው ላይ ነጭ ጸጉር አብቅሏል። የቤተ ክርስቲያን ጫማዬ ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። ከአልጋው ጀርባ ግድግዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ እንደ ጥላሸት፣ እስከ ኮርኒሱ ወጥቷል። ሻጋታ ነው። ፀዳል የሱፉን እጅጌ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ወዲያው ለቀቀችው። የዚያኑ ጊዜ ባለፈው እሁድ ቅዳሴ ላይ ከፊቴ የቆመችው ሴትዮ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ፈቀቅ ስትል ትዝ አለኝ። ያኔ ጉንፋን ይዟት ነው ብዬ ነበር። ስሸት የነበርኩት እኔ ነኝ።

ጠመንጃ መፍቻዬን ይዤ ወጣሁ። የኩለሩን የጎን ቆርቆሮ ፈታሁት። ጭዱ ጭድ አልነበረም። ጥቁር፣ ዝልግልግ፣ እንደ ንፍጥ የሚጎተት ነገር ሆኗል። ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ አተላ ነው። ሽታው ፊቴን መታኝ፤ ያው ነው፤ ያው ካልሲ። ሽማግሌው ፈረንጅ ስንት ዓመት እንዳልቀየረው እንጃ፣ እኔም ስገዛው ከፍቼ አላየሁትም። እኔ፣ የሰው ሁሉ ዕቃ ከፍቼ የማይ ሰው።

ፀዳል ከኋላዬ ቆማ፣ «መስኮቱን ለምንድን ነው ግን እንዲህ ያሸግከው?» አለችኝ።

«የሸጠልኝ ሰውዬ ነዋ ያለኝ።»

«ምን ብሎ?»

«ክራክ ዘ ዊንዶው።»

ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አፏን ያዘች፤ ከዚያ ሳቁም ጠፋ። «በድሉ፣ እሱ ገርበብ አድርገው ማለት ነው እኮ። ሱፐርቫይዘራችን በየቀኑ ትለናለች። ክፍል ስታጸዱ ክራክ ዘ ዶር፤ በሩን ገርበብ አድርጉት።»

ገርበብ። መዝጋትም አይደለም፤ መክፈትም አይደለም። እርጥቡ አየር የሚወጣበት ጣት የምታህል ቀዳዳ ተውለት ነው ያለኝ። ሁለት ጊዜ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ውሃ ወደ ቤት እየነፋሁ መውጫውን በፕላስተር ደፈንኩ። ልጁም ይኸንኑ ነበር የለመነኝ።

«ወይኔ ልጁ» አለች ፀዳል። «ከገዛ ጫማው አጣላነው።»

ያን ጊዜ ነው የስልኩን ነገር የነገርኳት። ስነግራት እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ ነበር፤ የምጠርገው ነገር አልቆ እንኳ መጥረጉን አልተውኩም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አልጮኸችም። ገብታ ፕላስተሩን ከመስኮቶቹ ትልጥ ጀመር። ጭርርር፣ ጭርርር ሲል በረንዳ ድረስ ይሰማኛል። ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

በነዚያ ሁለት ቀናት ሁሉን አጠብኩ። ገንዳውን በበረኪና ፈተግኩ፤ አዲስ ጭድ ገዝቼ አስገባሁ፤ ግድግዳውን አጠብኩ፤ መስኮቶቹን ገርበብ አደረግኩ። ሽታው በአራተኛው ቀን ጠፋ። ቤቱ የሆነውን ማንም ሊያውቅ በማይችል ሁኔታ ንጹሕ ሆነ። ማንም አያውቅም ማለት ምን ያህል እንደሚያባብል፣ ያባበለው ያውቃል። አንዱን አሮጌ ጭድ ብቻ ጥቁር ከረጢት ውስጥ አስሬ ጋራዡ ጥግ አኖርኩት። ለምን እንዳልጣልኩት ያኔ አላወቅኩም።

ፍልሰታ ሲፈታ ፀዳል፣ «እሁድ ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ» አለችኝ። «ቀጸላ ነግራኛለች። ተስፋዬ እምቢ ሊላቸው ነው።»

«ልደውልለት?»

«በስልክ ያልከውን በስልክ አነሳኸው እንበል። ዶናት ቤት ያልከውንስ በምን ታነሳዋለህ?»

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከረጢቱን ይዤ የኢንጂነሩን የበር ደወል ተጫንኩ። እግሬ ወደ መኪናው ሊመልሰኝ ሁለት ጊዜ ሞክሯል። የከፈተችው ቀጸላ ናት። መጀመሪያ ፊቴን አየች፣ ቀጥላ ከረጢቱን። ጫፉ ይንጠባጠባል።

ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አደግድገው ቆመዋል። መሐል ያሉት አቶ ጥሩሰው ናቸው። ተስፋዬ ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል፤ ፊቱ ሲታይ መልሱን ጨርሶ የያዘ ሰው ነው። ቀጸላ ምንጣፏን አየችና ጓዳ ሮጠች። ጋዜጣ ይዛ ተመለሰች። እግሬ ስር ዘረጋችው፣ ጫፍና ጫፉን በመዳፏ ደለደለችው። ልክ እንደዚያን ቀኑ። ፊቷን አየሁት፤ ምንም ትዝ አላላትም። ሰባት ዓመት የተሸከምኩትን ነገር እሷ ዘርግታው እንኳ አላወቀችውም።

ከረጢቱን ጋዜጣው ላይ አኑሬ ፈታሁት። ሽታው ቤቱን ሞላው። አንደኛው ሽማግሌ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

«ኢንጂነር» አልኩ፣ «ተክለ ካልሲ የምትሉት ይኸውላችሁ።»

ከዚያ ነገርኳቸው። ኩለሩን፣ ጭዱን፣ ፕላስተሩን። ተስፋዬ ጎንበስ ብሎ ጭዱን በእስክሪብቶ ነካ አደረገ። «መውጫ የሌለው እርጥበት እኮ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ማንም ያውቀዋል» አለ። ማንም። ዋጥኩት። «ለመሆኑ የሸጠልህ ሰው መስኮት ክፈት አላለህም?»

«ክራክ ዘ ዊንዶው ብሎኛል።»

«እና?»

ይህን ቃል ከማውጣት ኮልፋክስን በጉልበቴ ብሄድ ይሻለኝ ነበር። «ስንጥቅ መሰለኝ» አልኩ። «ስንጥቁን ድፈን ያለኝ መሰለኝ።»

ከዚያ ኢንጂነሩ ሳቀ። ሽማግሌዎቹም፣ ቀጸላም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅኩ፤ ያልተናገርኩት ይቀራልና።

«አንድ ሌላ አለ» አልኩ። «በስልክ ከቤቴ አስወጣሁት ያልኩህ ውሸት ነው። አላስወጣሁትም። ራሱ ነው የሄደው። ሲሄድ ክፍሉን በበረኪና አጥቦልኛል። የኔን ሻጋታ።»

የሳቀ የለም። ከጓዳው በር ላይ ጤናዬ ብቅ አለች። ስትሰማ የቆየች ናት። ሽማግሌ ፊት ሙሽሪት አትወጣም፤ እሷ ግን ወጣች።

«ሐኪም ዘንድ ወስጄዋለሁ» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እግሩን አገላብጦ አየውና ምንም የለብህም አለው። አላመነውም። ጋሽ በድሉ ይሸታል ካሉ ይሸታል፣ እሳቸው አይዋሹም ነው ያለኝ።»

እሳቸው ነው ያለኝ። ፊት ለፊቴ አንተ የሚለኝ ልጅ፣ ከኋላዬ እሳቸው።

አቶ ጥሩሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እንግዲህ ኢንጂነር፣ ዕቃው ራሱ መስክሯል። እኛም የመጣንበትን አንርሳ» አሉ። ተስፋዬ እህቱን አየ፣ ከረጢቱን አየ። «እሺ» አለ። «እግዚአብሔር ከፈቀደ እኔ ምን እላለሁ።» ሽማግሌዎቹ አጎንብሰው መረቁ።

ቀጸላ ወደ እኔ ዞራ፣ «ቁጭ በል እንጂ፣ በድሉ» አለች፤ ሶፋውን እያሳየችኝ። ምንም አልተነጠፈበትም፤ ጋዜጣውን ከረጢቱ ይዞታል።

«ልብሴን ሻጋታ ይዞት ነበር» አልኳት። «ልቁም።»

እልህ መስሏት ይሆናል። እልህ አልነበረም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ዶናት ቤት ስገባ አንዱ ነጂ፣ «ገርበብ መጣ፤ በሩን ገርበብ አድርጉለት» አለ። ጠረጴዛው ተደበደበ። አቶ ጥሩሰውም እዚያው ናቸው፤ በዚህኛው እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ገርበብ ነው። ተክለ ካልሲ የሚለው በወር ጠፋ፤ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ስም ለመያዝ ሰነፍ ነው። እኔም ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ።

ተክለሚካኤልን ግን ከዚያ በፊት፣ ያንኑ እሁድ፣ የተከራየበት ቤት ሄጄ አገኘሁት። በረንዳው ላይ ነው ያናገርኩት። በደልኩህ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ለመጎንበስ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ተወው ጋሼ። ያልፋል» አለ። ከዚያ ወደ መንገዱ እያየ፣ «እና ጫማዬ አልነበረም ማለት ነው?» አለኝ።

«አልነበረም።»

«አንድ ቀንም?»

«አንድ ቀንም።»

ራሱን ነቀነቀ። «ሁለት ጫማ ጣልኩ እኮ» አለ።

በጥር ተጋቡ። ከመልሱ በኋላ ፀዳል እኛ ቤት ጠራቻቸው። ውጭ በረዶ ነበር፤ ኩለሩ በሸራ ተጠቅልሏል፤ ሳሎኑ ምንም ምንም አይሸትም። የሳሎኑን መስኮት በዚያ ብርድ ገርበብ አድርጌ ጠበቅኳቸው። ፀዳል እንኳ ስለ ንፋስ አንድ ቃል አልተናገረችኝም።

ጤናዬ ጫማዋን እንደተጫማች ገባች። ተክለሚካኤል በረንዳው ላይ ቆመ፤ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ሊፈታ ሲል፣ «ግባ፣ ግባ፣ እንደሱ ነው የሚገባው» አልኩት። ገባ። ሲጫወት አመሸ፤ የኤርፖርት አሮጊቶችን እየመሰለ አሳቀን። እኔን አንድ ጊዜ «ገርበብ» ብሎ ሊጠራኝ ሞከረና አፍሮ ተወው። ጋሼ አለኝ።

እጁን ላስታጥብ ማንቆርቆሪያ ይዤ ጎንበስ ስል ነው ያየሁት። ቤቱ ውስጥ ካለን ሰዎች ሁሉ እሱ ብቻ እግሮቹን ከወንበሩ ስር አጥፎ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ደብቋቸዋል። ራሱም የሚያውቀው አይመስለኝም። ውሃውን እጁ ላይ አፈሰስኩ፤ ቀና ብዬ ላየው ግን አልቻልኩም።